ውድቅ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? የካናዳው 60 ቀን ከየት መጣ



የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት፤ ሥራ ላይ ያላችሁ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ እዚሁ ናይሮቢ ኢስሊ ከሚኖር አንድ ወንድማችን መልእክት ደረሰኝ። ነርስ ነው። በሠለጠነ ሠራተኛ መንገድ ለካናዳ አመልክቶ ሲጠብቅ ቆይቷል። መልእክቱ አራት ቃል ነበር፦ «ቲቸር፣ ሪጀክት ሆንኩ። አለቀልኝ።»

«ደብዳቤው መቼ ደረሰህ?» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት የኔም የሠለጠነ ሠራተኛ ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን ደብዳቤውን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ለእናቴ «ገና ፕሮሰስ ላይ ነው» እያልኩ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከአንድ ጠበቃ ጋር ስንጨዋወት ነገሩን አነሳሁለት፤ «ቀኑ አልፎብሃል» አለኝ። ቀን መኖሩንም አላውቅም ነበር። ማንም አልበደለኝም፤ ደብዳቤውን አንብቤ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ታሪክ ላውራችሁ። ታሪክ አስተማሪ ነኝና ሌላ መንገድ አላውቅም። ወንድማችን ያመለከተው ለካናዳ ስለሆነ የማወራውም ስለ ካናዳ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መርከቡ

በ1914 ግንቦት ወር ኮማጋታ ማሩ የሚባል መርከብ 376 ሰዎችን ጭኖ ቫንኩቨር ወደብ ደረሰ። አብዛኞቹ የፑንጃብ ሲኮች ነበሩ። ህንድም ካናዳም በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ስለነበሩ ሰዎቹ «እኛም የዚሁ መንግሥት ዜጎች ነን» ይሉ ነበር።

የካናዳ ሕግ ግን «ህንዶች አይግቡ» አይልም። «ከተወለድክበት አገር በቀጥታ፣ ሳታቋርጥ መምጣት አለብህ» ይላል። ከህንድ በቀጥታ ወደ ካናዳ የሚሄድ መርከብ ደግሞ አልነበረም። በዚያ ላይ ከእስያ የሚመጣ ሰው 200 ዶላር በእጁ እንዲይዝ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ «የመቋቋሚያ ገንዘብ አሳይ» ስንባል ነገሩ አዲስ ይመስለናል።

ሰዎቹ ዝም አላሉም። ቫንኩቨር የነበሩ ወገኖቻቸው እንደኛው መዋጮ አዋጥተው የመርከቡን ዕዳ ከፈሉ፣ ጠበቃም ቀጠሩ። ሙንሺ ሲንግ የተባለ ገበሬ ስለ ሁሉም ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። ይሁንና የ1910 የኢሚግሬሽን ሕግ ፍርድ ቤቶች በኢሚግሬሽን ውሳኔ እንዳይገቡ ያግድ ነበር። በሐምሌ 1914 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። መርከቡ ሁለት ወር ወደቡ ላይ ከቆመ በኋላ በባሕር ኃይል መርከብ ታጅቦ ተመለሰ። እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው 24 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ህንድ ሲደርሱ ደግሞ ካልካታ አጠገብ ተኩስ ተከፍቶባቸው ሰዎች ሞቱ። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት በ2016 ነው፤ ከ102 ዓመት በኋላ።

ከዚህ የምንይዘው ይህን ነው፦ ያኔ ውድቅ የተባለ ሰው «ለምን?» የሚልበት በር በሕግ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ያ በር ጠባብ ይሁን እንጂ ክፍት ነው። የከፈቱት ደግሞ እንደኛው ውድቅ የተባሉ ሰዎች ናቸው።

ነጥብ መቁጠር ተጀመረ

በ1962 ሚኒስትር ኤለን ፌርክላፍ የሠለጠኑ ሰዎች ሲመረጡ ዘራቸው እንዳይታይ የሚያደርግ ደንብ አወጡ። በ1967 የነጥብ ሥርዓት መጣ። ከ100 ነጥብ 50 ያመጣ ያልፋል። ለትምህርትና ሥልጠና 20፣ ለሙያው ተፈላጊነት 15፣ ለሙያ ችሎታ 10፣ ለዕድሜ 10፣ ለቋንቋ 10 እያለ ይቀጥላል።

ለኛ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ናይሮቢ ያለ ነርስና ለንደን ያለ ነርስ በአንድ ወረቀት መለካት ጀመሩ። ግን በዚያው ወረቀት ላይ ኦፊሰሩ አመልካቹን በዓይኑ አይቶ የሚሰጠው «የግል ግምገማ» የሚባል 15 ነጥብ ነበር። ከዚያም በላይ ኦፊሰሩ ነጥብ የሞላለትን ሰው የመጣል፣ ያልሞላለትን የማሳለፍ ሥልጣን ነበረው።

ይህ ሥልጣን በደግም በክፉም ሠርቷል። በደጉ የሚነሳው እዚሁ ጎረቤታችን የሆነው ነው። በ1972 ኢዲ አሚን የኡጋንዳ እስያውያንን «በ90 ቀን ውጡ» ሲል ካናዳ በሮጀር ሴንት ቪንሰንት የሚመራ ቡድን ካምፓላ ላከች። ኦፊሰሮቹ ነጥብ ያልሞላለትን ሰውም እንደ ሁኔታው እንዲያሳልፉ ተፈቅዶላቸው ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ6,000 በላይ ሰዎች የካናዳ ቪዛ ተሰጣቸው። ይህን የምነግራችሁ አንዳንዶቻችን «ደንብ ደንብ ነው፣ ምንም አይቀየርም» ስለምንል ነው። ደንቡ በሰው እጅ ነው የሚሠራው።

500 ዶላር ያለበት የገና ካርድ

በክፉ በኩል ደግሞ ነጥቡ ሞልቶ ውድቅ የተደረገ ሰው ጉዳይ ነበረ። አንድ ቻይናዊ አመልካች ነጥቡን አሟልቶ ውሳኔ ሲጠብቅ ለኦፊሰሩ የገና ካርድ ላከ። ካርዱ ውስጥ 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ኦፊሰሩ ጉቦ ነው ብሎ በዚያ ልዩ ሥልጣኑ ጣለው። ሰውየው ከሰሰ። ጉዳዩ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሰውየው አሸነፈ። ኦፊሰሩ ያንን ሥልጣን የሚጠቀምበት «ይህ ሰው ካናዳ ሄዶ በኢኮኖሚ ራሱን ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ስላልወደደው ሊጥለው አይችልም ተባለ።

እባካችሁ ከዚህ ታሪክ ካርዱን እንዳትወስዱ! ገንዘብ የላከው ሰው ሊመሰገን አይገባውም። የሚወሰደው ፍርዱ ነው፦ ኦፊሰር የተሰጠው ሥልጣን ወሰን አለው፤ ወሰኑን አልፎ እንደሆነ የሚናገረውም ፍርድ ቤት ነው።

ደብዳቤው ያልተናገረውን ማስታወሻው ተናገረ

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ሜቪስ ቤከር የጃማይካ ሴት ናት። በ1981 ካናዳ ገብታ ያለ መኖሪያ ፈቃድ 11 ዓመት ሰው ቤት ሠራች። ቤይሩትና ዱባይ ያላችሁ እህቶቼ ይህን ኑሮ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ካናዳ ውስጥ አራት ልጆች ወለደች፣ በኋላም ታመመች። እንድትባረር ሲወሰን «በሰብአዊነት እዚሁ ልቅር» ብላ አመለከተች፤ ውድቅ ሆነ። ደብዳቤው ምክንያት አልጻፈም።

ጠበቃዋ ምክንያቱን ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱም ጉዳዩን ያየው ኦፊሰር የጻፈውን የውስጥ ማስታወሻ ሰጠ። ማስታወሻው ስለ ሕመሟ፣ ስለ ልጆቿ ብዛትና በመንግሥት ድጎማ ስለመኖሯ በንቀት የተጻፈ ነበር። በሐምሌ 1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሰረዘ። እንዲህ ያለ የሰውን ሕይወት የሚወስን ውሳኔ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፣ ወሳኙም ያላዳላ መሆን አለበት፣ የልጆቹም ጥቅም በቅጡ መታየት ነበረበት አለ። ጉዳዩ ሌላ ኦፊሰር እንዲያየው ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ ያቺ ሴት በደብዳቤው ብቻ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ምንም የምትከራከርበት ነገር አልነበራትም። ጉዳዩ የተለወጠው ማስታወሻው ሲወጣ ነው። ዛሬም ለኛ የሚደርሰን ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና አንድ ዓይነት ነው። ኦፊሰሩ በእውነት ያሰበው ኮምፒዩተር ላይ በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ነው።

60 ቀኑ

በ2002 አዲሱ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የሠለጠነ ሠራተኛ ማለፊያ ከ100 ነጥብ 75 ሆነ፤ በ2003 ወደ 67 ዝቅ አለ። የኦፊሰሩ የግል ግምገማ ነጥብ ቀረ። በ2015 ደግሞ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው መጣና ሰው በነጥቡ ተወዳድሮ ሲጋበዝ ብቻ የሚያመለክት ሆነ።

ያው ሕግ ግን ሌላም ነገር አደረገ። ከዚያ በፊት ውጭ አገር በተሰጠ የቪዛ ውሳኔ ላይ በቀጥታ ፌደራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ከ2002 ወዲህ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን «ጉዳዬን ትሰማልኝ ዘንድ ፍቀድልኝ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከተከለከለ በዚያ ላይ ይግባኝ የለም። ጥያቄው የሚገባበት ጊዜም ተወሰነ፦ ውሳኔው ካናዳ ውስጥ ከተሰጠ 15 ቀን፣ ከካናዳ ውጭ ከተሰጠ 60 ቀን። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔውን ካወቃችሁበት ዕለት ጀምሮ ነው። በልዩ ምክንያት ዳኛ ሊያራዝም ይችላል፤ «ደንግጬ ነበር» ማለት ብቻውን ግን በቂ ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ለኦፊሰሩ ጽፋችሁ «ስሕተት አለ፣ እንደገና እዩልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ይህን ብትጠይቁም 60ው ቀን ይቆጥራል። መልስ ስትጠብቁ ቀኑ ካለፈ ሁለቱንም አጣችሁ።

ካይሮ የነበሩ ወንድሞቻችን

«ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው፤ የስደተኛን ጉዳይ ማን ይሰማል?» የሚል ይኖራል። በ2009 ካይሮ የነበሩ በርካታ ኤርትራውያን በካናዳ ስፖንሰር አድራጊዎች በኩል ያስገቡት የመልሶ ማስፈር ማመልከቻ ውድቅ ሆነባቸው። የሠለጠነ ሠራተኛ ጉዳይ አልነበረም፤ የሄዱበት የፍርድ ቤት መንገድ ግን ያው ነው። አራት ጉዳዮች ለምሳሌ ተመርጠው ፌደራል ፍርድ ቤት ቀረቡ።

በ2011 ዳኛ ጁዲት ስናይደር አራቱንም ውሳኔዎች ሰረዙ። ኦፊሰሩ ሰዎቹን ዩኤንኤችሲአር ስደተኛ ብሎ የመዘገባቸው መሆኑን ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ስሕተት ነው አሉ። ካይሮ የተጠለሉ ኤርትራውያንን ካናዳ ያለ ፍርድ ቤት ሰማቸው። ስለዚህ ማንዴታችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ የምዝገባ ወረቀታችሁን እንደ ተራ ወረቀት አትዩት።

የተሸነፉትም አሉ

ግማሹን ብቻ ነግሬያችሁ ተስፋ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። በ2012 የካናዳ መንግሥት ከየካቲት 27 ቀን 2008 በፊት የገቡና ገና ውሳኔ ያላገኙ የሠለጠነ ሠራተኛ ማመልከቻዎችን በአንድ ሕግ ዘጋቸው። ከነቤተሰባቸው ወደ 280,000 የሚጠጋ ሰው ነበር። የከፈሉት ገንዘብ ይመለስላችኋል ተባሉ። ዓመታት የጠበቁ ሰዎች ነበሩ፤ ልጅ አድጎባቸዋል። ከመላው ዓለም ተሰባስበው ከሰሱ። በ2013 ተሸነፉ፣ በ2014 ይግባኙም አልተሳካም። ፓርላማ በግልጽ ሕግ ካወጣ ወረፋ መያዝ መብት አይሆንም ማለት ነው።

ፍርድ ቤት ቪዛ አይሰጥም። ዳኛው የሚያየው «ይህ ውሳኔ የተሰጠው በአግባቡ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ብታሸንፉ ፋይሉ ወደ ሌላ ኦፊሰር ይመለሳል፤ እሱም በአግባቡ አይቶ እንደገና ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። አዲስ ማስረጃ ይዞ መሄድም በአብዛኛው አይሠራም፤ የሚታየው ያኔ ኦፊሰሩ ፊት የነበረው ነው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቫቪሎቭ በሚባለው መዝገብ ውሳኔ ራሱን የሚያስረዳ፣ ምክንያቱ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆን አለበት ብሏል። የኛ ክርክር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለወንድማችን የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጻፉ። 60 ቁጠሩ። የመጨረሻውን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሁለተኛ፣ የኦፊሰሩን ማስታወሻ ጠይቁ። ካናዳ ያለ ዘመድ ወይም ጠበቃ በውክልና ሊያወጣላችሁ ይችላል። ግን እሱ እስኪመጣ ብላችሁ 60ውን ቀን አታሳልፉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ምክንያቱ በዚያም በኩል ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ውድቀቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። በ2006 ዳኛ ሪቻርድ ሞዝሊ ይህን በደንብ ለይተውታል። ሕጉ የሚጠይቀውን ወረቀት ሳታሟሉ ቀርታችሁ ከሆነ ኦፊሰሩ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቃችሁ ግዴታ የለበትም። ወረቀቱን አሟልታችሁ ሳለ «ይህ እውነት አይመስለኝም» ብሎ ከሆነ ግን መልስ የመስጠት ዕድል ሊሰጣችሁ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ወረቀቱን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ከክስ ይሻላል። ሁለተኛው ከሆነ ጠበቃ አናግሩ። የኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ስንት ሰዓት እንደሠራሁና ምን እንደሠራሁ አልጻፈም። በሁለት መስመር የሚስተካከል ነበር።

አራተኛ፣ ገንዘቡን አስቡት። የፍርድ ቤቱ መክፈቻ 50 የካናዳ ዶላር ነው። ብትሸነፉም በአብዛኛው የመንግሥትን ወጪ ክፈሉ አትባሉም። ውዱ ጠበቃው ነው። ኮንሰልታንት የሚባሉት ደግሞ ፈቃድ ቢኖራቸውም ፌደራል ፍርድ ቤት ቆመው ሊከራከሩላችሁ አይችሉም።

አምስተኛ፣ ደላላ። «አዲስ ፋይል እከፍትልሃለሁ፣ ሁለት ዓመት ልምድ እንጨምርበታለን» ሲላችሁ ሽሹ። ዝም ብሎ ውድቅ የሆነ ሰው ነገም ሊያመለክት ይችላል። የተሳሳተ ነገር አቅርቧል የተባለ ሰው ግን ለአምስት ዓመት ይታገዳል። እስከ 2014 ድረስ ሁለት ዓመት ነበር።

ስድስተኛ፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሁሉም አልተዘጋም። ክፍለ ሀገራት በራሳቸው የሚመርጡበት መንገድ አለ፤ ስፖንሰርም አለ። በ2018 ደግሞ ካናዳ ኬንያና መካከለኛው ምሥራቅ ያሉ ስደተኞችን በሙያቸው የምትወስድበትን ሙከራ ጀመረች። እኛ «ስደተኛ» ወይም «ባለሙያ» ከመባል አንዱን እንድንመርጥ ሲጠበቅብን ኖረናል፤ ያ ሙከራ ሁለቱንም መሆን እንደሚቻል በወረቀት አሳየ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከራሱ ከመንግሥቱ ገጽ አረጋግጡ።

ለቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር ላክልበት። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለውን ጥያቄ ቀነስ አድርጉት። ወንድማችን ሦስት ሳምንት ዝም ያለው ሕጉን ስላላወቀ ብቻ አይደለም፤ እናቱን ስላፈረ ነው። እኔም እንደዚያው። ያ እፍረት ቀኑን ይበላዋል።

ከወንድማችን ጋር ኢሜይሉን ከፍተን ቀኑን ስናይ 21 ቀን ሄዶ 39 ቀርቶት ነበር። ማስታወሻውን የሚጠይቅለት ቶሮንቶ ያለ የአጎቱ ልጅ ተገኝቷል፤ የክሊኒኩ የሥራ ልምድ ደብዳቤም እንደገና እየተጻፈ ነው። ክስ ይሁን አዲስ ማመልከቻ ገና አልወሰንም። ምናልባት ሁለቱም ላይሳካ ይችላል። እናቱን ግን ትናንት ደውሎ ነግሯታል።

ዛሬ 32 ቀን ቀርቶታል።

እናንተም ሻንጣ ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ ካላችሁ አውጡትና ቀኑን እዩ። ካለፈባችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።

ቸር ያሰማን።